ከደሙ ጎን የተጻፈው



ቫይረስ የመርሳት በሽታ ያመጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በቅርብ ዓመታት ከላቦራቶሪ ወጥቶ በራዲዮና በቴሌቪዥን መነገር ጀምሯል። አሁን በቅርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያብኔ በምንገባባቸው ቤቶችም ይነሣል። ልጆች በዕብራይስጥ የሰሙትን ለወላጆቻቸው ይተረጉማሉ፤ ወላጆች ደግሞ እኛን ይጠይቁናል። «ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች አንጎል ውስጥ ይገባል አሉ፤ እውነት ነው?» ይላሉ። «ደም ስጡና ዘራችሁን እንመርምር ቢሉን እንስጥ ወይስ ይቅርብን?» የሚሉም አሉ። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። እዚህ አገር ማኅበራዊ ሥራ ተምረን በእነዚህ ሦስት ከተሞች ከአረጋውያንና ከቤተሰቦቻቸው ጋር የምንሠራ ነን። ይሁን እንጂ ጥናቶቹን አንብበን የተሰማንን መናገር እንችላለን፤ ምክንያቱም ጥናቶቹ የቆሙበት አንዱ እግር እኛ በየሳምንቱ የምናየው ነገር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ አገር በሚቆጠረው አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

በጥር ወር 2023 «ኒውሮን» በተባለ የሳይንስ መጽሔት ብዙ የተወራለት አንድ ጥናት ታተመ። አዘጋጆቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ የተጠቀሙበት መረጃ ግን የሌላ አገር ነው፤ አንዱ ከፊንላንዱ «ፊንጄን»፣ ሌላው ከእንግሊዙ «ዩኬ ባዮባንክ» የተገኘ ነው። ባዮባንክ ሲባል ለቆሰለ ሰው ደም የሚለገስበት ባንክ ማለት አይደለም። የፈቃደኞች ደም ተወስዶ፣ ከእናትና ከአባት የሚወረሰው የዘረመል መረጃ ተነብቦ፣ ከየሰዉ የሕክምና መዝገብ ጋር ተያይዞ ለምርምር የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በፊንላንዱ 300 ሺህ ገደማ፣ በእንግሊዙ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው አለ። ተመራማሪዎቹ አልዛይመርን፣ ፓርኪንሰንን፣ መልቲፕል ስክለሮሲስን (በዕብራይስጥ ታሬሸት ነፎጻ የሚባለውን) ጨምሮ ስድስት የአንጎልና የነርቭ በሽታዎችን መርጠው፣ ከእነዚህ በፊት የትኞቹ የቫይረስ በሽታዎች ተመዝግበው እንደሚገኙ ፈለጉ። በፊንላንዱ መዝገብ 45 ግንኙነቶች አገኙ፤ ከእነዚህም 22ቱ በእንግሊዙ መዝገብ ተደገሙ። ከሁሉም ብርቱ ሆኖ የተገኘው በቫይረስ ምክንያት በሚመጣ የአንጎል ብግነትና በአልዛይመር መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

ሥራው የሚናቅ አይደለም። በአንድ አገር ያገኙትን ይዘው ወዲያው ጋዜጠኛ ከመጥራት ይልቅ በሁለተኛ አገር መፈተናቸው ጨዋነት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ወሬው ሲጓዝ ነው። የአንጎል ብግነት የያዘው ሰው በአልዛይመር የመያዝ ዕድሉ ወደ 30 እጥፍ ይደርሳል ተብሎ ተነገረ። ይህን የሰማች እናት፣ ልጇ በሕፃንነቱ ጎንደር ሳለ በብርቱ ትኩሳት ራሱን ስቶ እንደነበር ታስታውስና እንቅልፍ ታጣለች። በዚያው ጥናት ውስጥ ያለው ሌላው ቁጥር ግን ብዙም አልተነገረም። በፊንላንዱ መዝገብ የአንጎል ብግነት ይዟቸው የነበሩት 406 ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ውስጥ በኋላ አልዛይመር የተመዘገበባቸው 24 ናቸው፤ ከመቶ 6 ያህል ማለት ነው። በቀሩት 382 ሰዎች መዝገብ ላይ አልዛይመር አልተጻፈም። «30 እጥፍ» ሐሰት አይደለም፤ ግን ያለ 24ቱና ያለ 406ቱ ብቻውን ሲነገር ሰውን ያስደነግጣል እንጂ አያስተምርም።

ሌላም ነገር አለ። ባዮባንክ የሚለውን ስም የሰማ ሰው፣ ተመራማሪዎቹ ዘር መርምረው ያገኙት ነገር ይመስለዋል። የዚህ ጥናት ዋና ሥራ ግን መዝገብን ከመዝገብ ማገናኘት ነበር። «ይህ ሰው በዚህ ዓመት በኢንፍሉዌንዛ ሆስፒታል ገባ፤ ይኸው ሰው በዚያ ዓመት የመርሳት በሽታ አለበት ተባለ» የሚል ነው። ሆስፒታል ያልገባ፣ ቤቱ ተኝቶ የዳነ ሰው እዚያ ውስጥ የለም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ግንኙነቶች የሚበረቱት ቫይረሱ በተመዘገበ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው፤ እስከ 15 ዓመት ድረስ የዘለቁም አሉ። የአንድ ዓመቱን ነገር በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። አንጎሉ ቀስ በቀስ እየደከመ ያለ አዛውንት በደንብ አይበላም፣ ይወድቃል፣ ሳንባው ይታመማል። ታዲያ ኢንፍሉዌንዛው መርሳቱን አመጣ ወይስ ገና ያልታወቀው መርሳት ሰውየውን ለኢንፍሉዌንዛው አጋለጠው? መዝገብ ብቻውን ይህን መልስ አይሰጥም።

ዘረመል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሰው ከእናቱና ከአባቱ የሚወርሰው በዕጣ ነው፤ ወንድምና እህት እንኳ ያው ዕጣ አይደርሳቸውም። ዕጣው የሚወጣው ደግሞ ከመወለድ በፊት ስለሆነ፣ በኋላ የሚመጣው በሽታም ድህነትም ስደትም ሊለውጠው አይችልም። ስለዚህ ዘሩን አብሮ ማየት የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ለመለየት ይረዳል። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ይሠሩ የነበሩት ሩት ኢትስሃኪ ከ1991 ጀምሮ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውን፣ እኛ «ምች መታው» የምንለውን ቫይረስ ምልክት በአረጋውያን አንጎል ውስጥ ማግኘታቸውን ጻፉ። በ1997 ደግሞ ቫይረሱ አደገኛ የሚመስለው «ኤፖኢ 4» የሚባለውን ጂን በወረሱ ሰዎች ላይ እንደሆነ አሳተሙ። ብዙ ዓመት ሳቁባቸው፤ አሁን የሚስቅባቸው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይህን ቫይረስ ተሸክሞ ይኖራል። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች አትጨነቁ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ይኸው «ኤፖኢ 4» የሚባለው ጂን በአውሮፓውያን ዘንድ የአልዛይመርን አደጋ በግልጽ ከፍ ያደርጋል። ናይጄሪያ ውስጥ ኢባዳን በተባለች ከተማ በዮሩባ አረጋውያን ላይ ለብዙ ዓመታት የተደረገው ጥናት ግን ግንኙነቱ በጣም የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ያው ጂን፣ ሌላ ሕዝብ፣ ሌላ ውጤት። ፊንላንድ ላይ የተገኘ ቁጥር ተነሥቶ ጎንደር ወይም ትግራይ ለተወለደ ሰው አይለጠፍም ማለት ነው። ታዲያ ስለ እኛ ማን አጥንቷል? እስከ 2018 በዓለም ላይ ዘረመልን ከበሽታ ጋር ባገናኙ ትላልቅ ጥናቶች ውስጥ ከተካተቱት ሰዎች ከመቶ 78ቱ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው 2 ብቻ ነበሩ። በእንግሊዙ ባዮባንክም ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ነጮች ናቸው። እዚህ አገር «ፕሲፋስ» በሚል ስም 100 ሺህ ፈቃደኞችን ለመሰብሰብ የተጀመረ ብሔራዊ ሥራ አለ። ፕሲፋስ ከብዙ ቀለም ጠጠር የሚሠራ ሥዕል ማለት ነውና ስሙ ጥሩ ነው፤ የእኛ ጠጠር ከሌለበት ግን ሥዕሉ ጎደሎ ይሆናል።

ብዙዎች ትችታቸውን እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ «እኛን አላካተቱንም፣ ያካትቱን» ብለው ይጨርሳሉ። እኛ ግን ይህ በቂ ነው ብለን አናምንም። ነገ ከሦስቱ ከተሞች ሺህ ሰው ደም ቢሰጥ፣ ደሙ በትክክል ይነበባል፤ ማሽኑ አማርኛ ተናጋሪና ዕብራይስጥ ተናጋሪ አይለይም። ጥያቄው ከደሙ ጎን ስለሚጻፈው ነው። «ይህ ሰው የመርሳት በሽታ አለበት» ወይም «የለበትም» ብሎ የሚጽፈው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ የሚጽፈው በፈተና ነው።

ፈተናው «ሚኒ ሜንታል» ይባላል። በ1975 አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ሲሆን ከ30 ነጥብ የሚታረም ነው። ብዙ ጊዜ ከ24 በታች ያገኘ ሰው ይጠረጠራል። ከሦስቱ ከተሞች ስንት አረጋውያንን ወደዚህ ፈተና ይዘን ገብተናል! ዓመቱ ስንት ነው ተብለው ሲጠየቁ በአገራቸው አቆጣጠር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ዝቅ አድርገው ይናገራሉ። ወሩ ማን ነው ሲባሉ «ጥቅምት» ይላሉ፤ ፈታኙ ጥቅምት የሚባል ወር አያውቅም። የወቅቱ ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በዕብራይስጥ «ሖሬፍ» የሚባለውን አስተርጓሚው «ክረምት» ብሎ ይተረጉመዋል። በእኛ አገር ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ የሚወርድበት፣ ወንዙ የሚሞላበት። እዚህ ሐምሌ የሚያቃጥል በጋ ነው። በሐምሌ ወር «አሁን ክረምት ነው» ያሉ አባት ስልሳ ዓመት ሙሉ የኖሩበትን እውነት ተናግረው ዜሮ ያገኛሉ።

ቀጥሎ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር አለ፤ 5 ነጥብ ይይዛል። (ጎንደር ገበያ ሸክላ ሸጣ ልጆች ያሳደገች ሴት ሒሳብ አታውቅም ማለት አይደለም። ነገር ግን ከመቶ ሰባት እየቀነሰች አምስት ጊዜ የምትቆጥርበት ምን ጉዳይ ገጥሟት ያውቃል?) የተጻፈ አንብቦ መፈጸም 1፣ አንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ 1፣ አምስት ማዕዘን ያላቸውን ሁለት ሥዕሎች መቅዳት 1። እስቲ እንደምር። እርሳስ ይዞ የማያውቅ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ አዛውንት በእነዚህ ብቻ እስከ 8 ነጥብ ሊያጣ ይችላል። ከ30 ላይ 8 ሲቀነስ 22 ይሆናል፤ 22 ከ24 በታች ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ትዝታው አንድም ጥፋት አልተገኘበትም። የሰባት ትውልድ ስም ሳይሳሳት የሚቆጥር ሰው በወረቀት ላይ ታማሚ ሆነ ማለት ነው። የሰዓት ሥዕልም አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አሳየኝ ሲባሉ፣ የኢትዮጵያ አሥራ አንድ ሰዓት ወደ ማታ መሆኑን ፈታኙ አያስብም።

ፈተናው ሁልጊዜ ጤነኛውን በሽተኛ ያደርጋል ማለታችን አይደለም። ተቃራኒውም አለ፤ እንዲያውም በቤተሰብ ውስጥ ይበልጥ የሚጎዳው እርሱ ነው። እናት ምድጃ ከፍታ ትረሳለች፣ ከመድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ትወስዳለች፣ በገዛ ሰፈሯ መንገድ ይጠፋባታል። ሐኪሙ «የቋንቋ ችግር ነው» ብሎ ያልፋል። ልጆቿም «ጃጅታለች፣ እርጅና ነው» ብለው ያልፋሉ፤ ሰው ምን ይላል ብለውም ይሸፍኗታል። መዝገቧ ላይ ምንም አይጻፍም። ምንም ስላልተጻፈም ከቢቱዋህ ለኡሚ ሊገኝ የሚገባው የሲዑድ እርዳታ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ልጅቷ ሥራ ትታ ቤት ትውላለች። ከዚያ በኋላ አንድ ተመራማሪ መጥቶ የእናትየዋን ደም ቢያነብ «ይህ ዓይነት ዘር ያላቸው ሰዎች አይታመሙም» የሚል መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። ያቺኛዋ ጤነኛ ደግሞ «ታማሚ» በሚለው ረድፍ ተቀምጣለች። በሺህ የሚቆጠር ደም የዚህን ዓይነት ስሕተት አያርምም። ስሕተቱ በሁሉም ላይ ወደ አንድ ጎን ያደላ ስለሆነ ብዛት ይበልጥ ያጸናዋል።

መፍትሔ የለም ማለት አይቻልም። በ2004 በሲድኒ ከተማ የተዘጋጀ «ሩዳስ» የሚባል ፈተና አለ፤ የተሠራው ከብዙ አገር ለመጡ ስደተኞች ነው። ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም። ገበያ ሄደው የሚገዙ አራት ነገሮችን (ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና) አስታውሱ ይላል፤ መኪና የበዛበትን መንገድ እንዴት ትሻገራላችሁ ብሎ ይጠይቃል። እርሱም ሥዕል አሥሎ ነጥብ ስለሚሰጥ ፍጹም አይደለም። ሆኖም ሻይና ሳሙና ጎንደርም ያብኔም ያሉ ነገሮች ናቸው።

የቫይረሱም ወገን መዝገብ ያው ነው። ፊንላንድ ውስጥ ሆስፒታል የገባ ሰው ሁሉ ከ1969 ጀምሮ በአንድ ብሔራዊ መዝገብ ላይ ይጻፋል። በ1984 በሱዳን በኡም ራኩባ መጠለያ በትኩሳት ተይዞ የተረፈ ልጅ ምን እንደያዘው ማን ጻፈ? ኩፍኝ ይሁን ማጅራት ገትር ወይም ወባ፣ ወላጆቹ የሚያስታውሱት መዳኑን ብቻ ነው። አሁን አዲስ ከገቡት ቤተሰቦችም ብዙዎቹ ከሕክምና ወረቀት ይልቅ የክትባት ጠባሳ ይዘው ነው የመጡት።

የዘረመል ምርመራ ሳያስፈልግ ጥሩ ማስረጃ የሰጠ አንድ ጥናት ደግሞ እናንሣ። በእኛ ቋንቋ «አልማዝ ባለጭራ» የምንለው፣ በዕብራይስጥ «ሻልበከት ሆገረት» የሚባለው፣ ወገብን ዞሮ የሚያቃጥል ሽፍታ አለ። በልጅነት ጉድፍ ሆኖ የወጣው ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ በስተርጅና የሚነሣ ነው። ዌልስ በምትባለው የብሪታንያ ክፍል በመስከረም 2013 ለዚህ በሽታ ክትባት መስጠት ሲጀመር፣ ከመስከረም 2 ቀን 1933 በፊት የተወለዱት አይገባቸውም፣ በዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ የተወለዱት ይገባቸዋል ተብሎ ተወሰነ። እንግዲህ በአንድ ሳምንት ልዩነት በተወለዱ ሰዎች መካከል ከልደት ቀን በቀር ሌላ ልዩነት የለም። ከ280 ሺህ በላይ ሰዎች መዝገብ ተመርምሮ በሚያዝያ 2025 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ሲወጣ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ክትባቱን በወሰዱት ዘንድ የመርሳት በሽታ በአምስት እጅ አንድ ያህል ቀንሶ ተገኘ። እስካሁን ካነበብናቸው ሁሉ ይህ ያሳመነን ነው። ያን ጊዜ የተሰጠው ክትባት በብዙ አገር በሌላ ተተክቷል፤ አረጋውያን ያሏችሁ ቤተሰቦች የአሁኑን በኩፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ግን ልብ አድርጉ። የጥናቱ ሁሉ ምሰሶ የልደት ቀን ነው። በእኛ አረጋውያን ተዑዳት ዜሁት ላይ ስንት ጊዜ ነው ጥር 1 ቀን ተጽፎ የምናየው! ሲመጡ ዕድሜያቸው በግምት ተቆርጦ ነው የተሰጣቸው። «የጣልያን ጊዜ በእቅፍ ነበርኩ» ያለ ሰው በአንድ ጸሐፊ እጅ ዓመት ተቆረጠለት፤ ወንድሙ በሌላ ጸሐፊ እጅ ከእርሱ በስድስት ዓመት አነሰ። ተመራማሪ ይህን ሳያውቅ የዕድሜያችንን ቁጥር ከጂናችን ጋር ቢያባዛ ምን ያገኛል? ሳንታበይ እንናገር ከተባለ፣ ከሁሉ ይልቅ በትክክል የምናውቀው ቀን የመጣንበትን ቀን ነው። ያም ቀን ዋጋ አለው። በ1966 አልተር፣ ሌይቦቪችና ስፒር የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ እስራኤል የገቡ ሰዎችን ዕድሜ ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጋር ሲያገናኙ፣ ከአውሮፓ በልጅነታቸው የመጡት አድገው ከመጡት ይልቅ ለበሽታው የተጋለጡበት መጠን አነስተኛ መሆኑን አዩ። በልጅነት አካባቢ ላይ የሚገኝ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በ2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ በሚሆኑ የአሜሪካ ወታደሮች መካከል ፈልገው፣ ናሙና ከተገኘላቸው 801 ታማሚዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም ኤፕስቲን ባር በተባለው ቫይረስ ተይዘው እንደነበር፣ በቫይረሱ የተያዘም ሰው አደጋው 32 እጥፍ እንደሚሆን አሳዩ። የእስራኤሉን ጥያቄ ለመመለስ የስደተኛ መምጫ ቀን ነበር ያስፈለገው፤ እኛ ደግሞ እርሱን አንረሳም።

ስለ ወታደሮቹ ደም አንድ ነገር እንጨምር። ደሙ የተወሰደው ለኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ነበር፤ የተረፈው ተቀምጦ ቆይቶ ለሌላ ጥናት ዋለ። ጥናቱ ጠቃሚ ሆነ። ነገር ግን ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ደም ለሌላ ጉዳይ ሊውል እንደሚችል የእኛ ሰው ከማንም ይልቅ በመጥፎው ወገን ያውቀዋል። በጥር 24 ቀን 1996 «ማዓሪብ» ጋዜጣ ማገን ዳቪድ አዶም ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎችን ደም ተቀብሎ፣ ለጋሾቹ ሳያውቁ እንደሚደፋ አጋለጠ። ከአራት ቀን በኋላ አሥር ሺህ ያህል ሰው ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጣ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ይጽሐቅ ናቮን የመሩት ኮሚቴ ተቋቋመ። ያን ቀን የነበሩ አባቶችና እናቶች ዛሬ አያቶች ናቸው፤ «ደም ስጡ» ሲባሉ ፊታቸው የሚቀየረው ስለ ሳይንስ ስለማያውቁ አይደለም።

በዚያው በ1996 ሌላ ነገር ደግሞ ሆነ፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አልሰማውም። ኢትዮጵያዊቷ ኢሌኒ አክሊሉ በስዊድን ካሮሊንስካ ከሚሠሩ ባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያውያንን ደም መርምረው፣ ከመቶ 29 በሚሆኑት ላይ አንድ መድኃኒት የሚፈጭ ጂን ተደጋግሞ እንደሚገኝ አሳተሙ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሰውነታቸው በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ አንዳንዱን ሌላ መድኃኒት ደግሞ ሳይሠራ ያስወግደዋል። ለአልዛይመር የሚሰጠው ዶኔፔዚልም በከፊል በዚሁ መንገድ ነው የሚፈጨው። እናቴ መድኃኒቱ አልሠራላትም የሚል ቤተሰብ ሐኪሙን ይህን ሊጠይቅ ይችላል። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ዘንድ ደማችን ተደፋ፣ ሌላው ዘንድ ደማችን ተነበበና አንድ ነገር ተገኘበት። ስለዚህ «በጭራሽ አንሰጥም» በሚለውም አንስማማም። ደማችን ካልተነበበ መድኃኒቱ የሚመዘነው በሌላ ሰው ልክ ነው።

ሥጋቱ ግን ከ1996 ብቻ የመጣ አይደለም። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ ሮኒ ጋምዙ፣ ሴቶቹ የሚወስዱትን በትክክል አለመረዳታቸው የሚያሰጋ ከሆነ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ እንዳይታደስላቸው ሐኪሞችን አዘዙ። ፈቃድ የሚባል ነገር ባልተረዱት ቋንቋ ሊሰጥ እንደማይችል ለመናገር መንግሥት ያን ያህል ዓመት ፈጀበት። በ2019 ደግሞ የራቢ ፍርድ ቤቶች ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት የመጡ አንዳንድ ሰዎችን አይሁድነታቸውን ለማስረዳት የዘረመል ምርመራ እንዲያቀርቡ መጠየቃቸው በአደባባይ አከራከረ። ዘመዶቻቸው አሁንም ጎንደርና አዲስ አበባ ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። «ዘሬን ካነበቡ በኋላ ስለ ወንድሜ ምን ይሉ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሕግ አለ። በ2000 የወጣው የዘረመል መረጃ ሕግ አሠሪ ሠራተኛውን የዘረመል ምርመራ እንዳይጠይቀው ይከለክላል፤ በኢንሹራንስም ላይ ገደብ ያደርጋል። ለምርምር ደም የሚሰጥ ሰው በጽሑፍ መፍቀድ አለበት፤ ጥናቱም የሄልሲንኪ ኮሚቴ የሚባለውን የሆስፒታል የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማለፍ አለበት። እንቢ ያለ ሰው ሕክምናው አይጎድልበትም፤ የፈቀደም በማናቸውም ጊዜ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። የፈቃዱን ወረቀት ወደ ቤት ወስዳችሁ አሳድራችሁ አንብቡ። የአሥር ዓመት ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ፤ አዋቂ መገሽር እንዲመጣ ጠይቁ። ደሙ ሌላ ጥናት ላይ ይውል እንደሆነ፣ ወደ ውጭ አገር ይላክ እንደሆነ፣ ስማችሁ ከእርሱ ጋር ይሄድ እንደሆነ በአማርኛ ወይም በትግርኛ እንዲነገራችሁ አድርጉ። ካልነገሯችሁ አትፈርሙ።

በቅርቡ የአንድ ጥናት መጠይቅ እንድንመለከተው ወደ ማኅበራችን መጥቶ ነበር። አማርኛው ጥሩ ነው፣ ሰው የጻፈው እንጂ ማሽን የተረጎመው አይመስልም። ለልደት ቀን ሦስት ሳጥን አለው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። «በግምት» የሚል ሳጥን የለውም። የመርሳት በሽታ አለ ወይስ የለም የሚል መስመርም አለው፤ ፈተናው በምን ቋንቋ እንደተሰጠ፣ ተፈታኙ ስንት ዓመት እንደተማረ የሚጻፍበት ቦታ ግን አልተተወም። ሦስቱ እንዲጨመሩ በዕብራይስጥና በአማርኛ ጽፈን ልከናል። ይህ ቁጥር ወደ ማተሚያ ቤት እስከገባበት ቀን ድረስ መልስ አልደረሰንም።